«ንፋስ ይወስድሃል» ለተባልክ ኳስ ተጫዋች

ሳምንቱ እንዴት ነበር? መቼም የታክሲው ወረፋ፣ የኑሮው ነገር... እሱን ተዉት! ዛሬ ጨዋታችን ስለ ፍቅርም ስለ ኩርፊያም አይደለም። ስለ ጡንቻ ነው። አዎ፣ ስለ ጡንቻ! እህቶቼ፣ ገጹን ለመገልበጥ አትቸኩሉ፤ ለእናንተም የሚሆን ነገር ይዣለሁ።

ነገሩን ያመጣው አንድ ደብዳቤ ነው። የጸሐፊውን ስምም ክለብም አልጠቅስም። ልጁ 20 ዓመቱ ነው። ከአንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብ ጋር ውል ፈርሟል፤ የሚጫወተው በክንፍ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ76፣ ክብደቱ ደግሞ 62 ኪሎ። ደብዳቤውን አሳጥሬ እነሆ፦

«...አሰልጣኛችን ‹ኳስህ ጥሩ ነው፣ ግን ተከላካይ ትከሻውን ሲያስነካህ ትወድቃለህ፤ ንፋስ ይወስድሃል። በሁለት ወር ስድስት ኪሎ ጨምረህ ካልመጣህ ቦታህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ› አለኝ። ጂም የሚያሠራን ልጅ ደግሞ ‹ስድስት ሳምንት የምትወጋው መርፌ አለ፣ አትጨነቅ› ይለኛል። እናቴ የምትጠብቀው የእኔን ደመወዝ ነው። ልወጋ ወይስ ይቅርብኝ? እባክህ ወንድሜ ቶሎ መልስልኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ደብዳቤ ሳነብ እጄ ላብ አላበው። እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ አሰልጣኝም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በብዕር የምኖር ሰው ነኝ። ግን አንድ ጊዜ እኔም ይሄው ልጅ ነበርኩ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የአንድ ክለብ ታዳጊ ቡድን ውስጥ እጫወት ነበር። ክብደቴ 58 ኪሎ። «አጥንት በማልያ» ነበር የሚሉኝ። አንድ የሰፈር ልጅ «ማወፈሪያ» ብሎ በወረቀት የተጠቀለለ ትንንሽ ክኒን ሰጠኝ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ መዋጡ ቀላል! ምኑን ከምኑ ሳልጠይቅ ጀመርኩ።

ወር ሳይሞላኝ ጉንጬ ሞላ። እናቴ «እሰይ፣ ልጄ ወዛ!» አለች። ጎረቤት ሁሉ «አማረብህ» ይለኛል። ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ አምስት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ሜዳ ላይስ? ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ድሮ በሁለት እርምጃ ጥዬው የማልፈውን ልጅ አሁን ጀርባውን እያየሁ እከተለዋለሁ። ደረጃ ስወጣ ጭኔ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ክኒኑም አለቀ፣ ገንዘቤም አለቀ፣ በአንድ ቀን አቆምኩት። በሳምንቱ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግፎ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ሐኪሟ የክኒኑን መጠቅለያ አይታ ራሷን ነቀነቀች። «ዴክሳሜታሶን ነው» አለችኝ። መድኃኒቱ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ሐኪም ሲያዘው ከባድ አለርጂንና ብግነትን ያበርዳል። ያለ ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲዋጥ ግን ፊትንና ሆድን በውሃና በስብ ይነፋል፣ የእጅና የእግር ጡንቻን ደግሞ ያመነምናል፤ አጥንትም ያሳሳል። በዚያ ላይ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ተመሳሳይ ሆርሞን መሥራት ያቆማል። ክኒኑን በድንገት ስታቆም ከውጭም የለ፣ ከውስጥም የለ፤ ያን ጊዜ ነው የምትወድቀው።

ገባችሁ? ጡንቻ ፍለጋ ሄጄ የነበረኝን ጡንቻ ሸጬ መጣሁ። እስካገግም የውድድር ዘመኑ አለቀ። ዋናው ቡድን ውስጥም አልገባሁም። (አሁን ይህን እያነበበ ክኒኑን የሚወስድ ሰው ካለ፣ በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን እንዳያቆም! ሐኪም ዘንድ ሄዶ እውነቱን ይንገር፤ ቀስ እያለ የሚቀነስበትን መንገድ ሐኪሙ ያውቀዋል።)

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ። ጂም ውስጥ የሚሸጠው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ቴስቶስትሮን ወይም እንደ ናንድሮሎን ያለ ዘመዱ ነው። ጡንቻ አይጨምርም ብዬ አልዋሽህም፤ ይጨምራል። ግን ሒሳቡን ስማ። ሰውነትህ የራሱን የወንድነት ሆርሞን መሥራት ያቆማል፣ የወንድነት ፍሬህ ይኮማተራል፣ ዘር የመውለድ አቅምህ ይቀንሳል፣ ደረትህ እንደ ሴት ጡት ሊያወጣ ይችላል፣ ልብህም ላይ አደጋ ያመጣል። ቁመቱን ያልጨረሰ ልጅ ከሆነ ደግሞ እድገቱ እዚያው ሊቆም ይችላል። መርፌ ከተዋሳችሁማ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ አሉ።

ጤናውን እንኳ ብንተወው እንጀራህ አለ። ኳስ ተጫዋች በሰውነቱ ውስጥ ለሚገኘው ነገር ሁሉ ተጠያቂው ራሱ ነው። «ጓደኛዬ ሰጠኝ» ማለት አያድንም። እስቲ ትልልቆቹን እንይ። ፖል ፖግባ የዓለም ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ለጁቬንቱስ በተመዘገበበት ጨዋታ ተመርምሮ ቴስቶስትሮን ተገኘበት። በየካቲት 2024 አራት ዓመት ታገደ። ሐኪም ያዘዘለት ተጨማሪ ምግብ እንደሆነ ተከራክሮ በዚያው ዓመት ጥቅምት ቅጣቱ ወደ 18 ወር ዝቅ አለለት፤ ከክለቡ ጋር የነበረው ውል ግን በስምምነት ፈረሰ። ኮሎ ቱሬ ደግሞ በ2011 የሚስቱን ማቅጠኛ ክኒን ውጦ ስድስት ወር ተቀጣ። አንድሬ ኦናና የሚስቱን መድኃኒት በራሱ መድኃኒት ተሳስቶ ወሰደ፤ በ2021 አሥራ ሁለት ወር ተፈረደበት፣ በይግባኝ ዘጠኝ ሆነለት። (ባለትዳር ኳሰኞች፣ የሚስታችሁን መድኃኒት ቤት አትንኩ! ቂ...ቂ...ቂ)

እነዚህ ሰዎች ጠበቃ የሚያቆም ገንዘብ ነበራቸው። ወንድሜ፣ አንተ ማንን ታቆማለህ? እኛም አገር የፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን አለ። ከታገድክ የእናትህ ደመወዝም አብሮ ይታገዳል። ስለዚህ መልሴ አጭር ነው፦ አትወጋ!

«እሺ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?» ትለኛለህ። ዋናው ጨዋታ እዚህ ጋ ነው።

በመጀመሪያ፣ ኳስ ምን ዓይነት ሰውነት ነው የሚፈልገው? ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ታውቁ የለ? ቀይ ሥጋ አለ፣ ጮማ አለ። ኳሰኛ የሚያስፈልገው ቀዩ ነው። አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የምትጨምራትን እያንዳንዷን ኪሎ ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክመሃት ነው የምትሮጠው። ጡንቻ ከሆነች ትሸከምሃለች። ጮማ ከሆነች አንተ ትሸከማታለህ።

ደግሞ ግዙፍ ካልሆንክ አትጫወትም ያለ ማነው? ንጎሎ ካንቴ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። ግን በ2016 ከሌስተር፣ በ2017 ከቼልሲ ጋር የእንግሊዝን ሊግ አሸንፎ በ2018 የዓለም ዋንጫ አነሳ። የኛን ልጆችም አትርሱ። በጥር 2022 ያውንዴ ላይ ዳዋ ሆቴሳ ገና በ4ኛው ደቂቃ ካሜሩን ላይ አገባ፤ ጨዋታው ግን 4ለ1 ተሸነፍን። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ «ጉልበት የለንም፣ ጉልበት!» ሲል ዋለ። አምስት ወር ሳይሞላ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2ለ0 አሸነፍን። ያገቡት ያው ዳዋና ሽመልስ በቀለ ናቸው። በአምስት ወር ውስጥ ማንም ሌላ ሰው አልሆነም። ጉልበት ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ጎል አያገባም።

ይህን ስል «አሰልጣኝህ ተሳስቷል» ማለቴ አይደለም። ትከሻ ለትከሻ ስትገናኝ የምትወድቅ ከሆነ ጥንካሬ ያስፈልግሃል። የተሳሳተው ቀኑ ነው። በወጉ እየበላና እየሠራ ያለ ሰው በሳምንት ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ቢጨምር ጥሩ ነው። በሁለት ወር ቢበዛ ሁለት ወይም አራት ኪሎ ማለት ነው። ስድስቱ ኪሎ በሁለት ወር ከመጣ ውሃና ጮማ ቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ክርስቲያኖ ሮናልዶ በ2003 ማንቸስተር ዩናይትድ ሲገባ የ18 ዓመት ቀጭን ልጅ ነበር፤ ያንን ሰውነት የሠራው በዓመታት ነው። የባየርኑ ጎሬትዝካ በ2020 ወረርሽኙ ጊዜ ደረቱ ሰፍቶ ሲመለስ ዓለም ጉድ አለ። እሱም ቢሆን የሠራው ጨዋታ በቆመበት ወራት ነው። በየሳምንቱ እየተጫወቱ መፋፋት ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ ምግብህ። ልጁ በደብዳቤው ላይ የዕለት ምግቡን ጽፎልኛል፦ ጠዋት በባዶ ሆድ ልምምድ፣ ከዚያ ሻይ በዳቦ፣ ምሳ አንድ ሽሮ ለሦስት፣ ማታ የተገኘው። አይ ወንድሜ! ጡንቻው ከየት ይምጣ? ከአየር? ሰውነት የሚያቃጥለው ሲያጣ የራሱን ሥጋ ነው የሚበላው። አንተ የጎደለህ መርፌ ሳይሆን አንድ ሙሉ ምሳ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ባለሙያዎች በ2020 ባወጡት ምክር ተጫዋች በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም ፕሮቲን ይብላ ይላሉ። ለ62 ኪሎ ሰው ዝቅተኛው 100 ግራም ገደማ ነው። ይህ ምንም የሚያስፈራ አይደለም፦

ከጠዋት ልምምድ በፊት፦ በሶ በማር ወይም ሙዝና ዳቦ። ይሄ ነዳጅህ ነው፤ በባዶ ሆድ አትውጣ።

ከልምምድ በኋላ፦ ሦስት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ከዳቦ ጋር። አንዱ እንቁላል 6 ግራም፣ ወተቱ 8 ግራም ገደማ ስለሆነ 26 ግራም አገኘህ።

ምሳ፦ ምስር ወይም ሽሮ በእንጀራ፣ ለብቻህ! ሁለት መቶ ግራም የበሰለ ምስር ብቻውን 18 ግራም ይሰጥሃል፤ እንጀራውም የራሱ አለው።

መክሰስ፦ ሁለት ጭብጥ ኦቾሎኒ፣ 12 ግራም ገደማ። ከኪስህ አይጥፋ።

እራት፦ ከተገኘ 150 ግራም ያህል ቀይ ሥጋ በደንብ በስሎ፣ 30 ግራም ገደማ ነው። ካልተገኘ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም እንደገና ምስር። አትክልቱን አትርሳ።

ከእንጀራውና ከዳቦው ጋር ደምረው፤ መቶውን አለፍክ። በአንድ ጊዜ ከማጨቅ አራት ጊዜ ማካፈሉ ይሻላል። «እንቁላል ተወደደ» ለምትሉኝ፣ ልክ ናችሁ፤ አንዱን ቀንሳችሁ በምስርና በኦቾሎኒ ሙሉት። የጾም ቀንም ችግር የለውም፤ የእንቁላሉንና የሥጋውን ቦታ ሽምብራ፣ ባቄላና ኦቾሎኒ ይይዙታል፣ መጠኑ ግን መብዛት አለበት። ረመዳን ላይ የምትጾሙ ደግሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ አካፍሉት፤ ሱሁሯን ተኝታችሁ አትለፏት።

ሁለት የሰፈር ወሬዎችን እዚህ ላይ ልቅበር። አንደኛው ጥሬ እንቁላል መጠጣት ነው። ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲኑን አብዛኛውን ያገኛል፤ ከጥሬው ግማሹን ያህል ብቻ። ስለዚህ ገንዘብህን ነው የምትደፋው። ሁለተኛው «ጥሬ ሥጋ ጉልበት ነው» የሚባለው። ጥሬው የሚሰጥህ ትርፍ ነገር ቢኖር የኮሶ ትል ነው። ያኔ የምትመግበው ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው! በሻንጣ የሚመጣው የፕሮቲን ዱቄትም ይቅርብህ። ምን እንደተቀላቀለበት አታውቅም፤ ምስሩ የሚሠራውን ነው የሚሠራው።

ሦስተኛ፣ ሥራው። ጂም ገብቶ ደረትና ክንድ ብቻ መሥራት የመስታወት ጡንቻ ነው። ትከሻ ለትከሻ ስትገጥም የሚያቆምህ ጭንህ፣ ዳሌህና ወገብህ ነው። ውድድር ባለበት ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ጂም መክፈል ካልቻልክ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው! እሱን አቅፈህ ቁጢጥ እያልክ ተነሳ። ይዘኸው በአንድ እግር ወደፊት እየረገጥህ ዝቅ በል። በጎሉ አግዳሚ ላይ ተንጠልጥለህ አገጭህን አሻግር። ፑሽ አፕ ሥራ። አንድ ደግሞ እንዳትረሳ፦ ተንበርከክ፣ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን ይያዝልህ፣ ከዚያ ወገብህን ሳታጥፍ ቀስ... ቀስ... እያልክ ወደ ፊት ውረድ። ይህችን የሚያዘወትሩ ተጫዋቾች የኋላ ጭን ጉዳታቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለክንፍ ተጫዋች ከዚህ በላይ ምን አለ?

ከስድስት እስከ አሥር ጊዜ፣ ሦስት ወይም አራት ዙር፤ ሲቀልህ ክብደቱን ጨምር። በጨዋታ ዋዜማ ግን እግርህን እንዳታደክመው።

አራተኛ፣ እንቅልፍ። ጡንቻ የሚሠራው ስትለፋ ሳይሆን ለፍተህ ስትተኛ ነው። ስምንት ሰዓት ተኛ፤ ስልክህን አርቀው። ጫት የምትቅሙም ስሙኝ፤ ጫት የምግብ ፍላጎትንም እንቅልፍንም ይዘጋል፤ ሁለቱን ዘግቶ ጡንቻ የሚያበቅል ሰው አላየሁም። በዚያ ላይ ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በውድድር ጊዜ ከተወሰነ መጠን በላይ በሽንት ከተገኘ የተከለከለ ነው። ይህን ስንቱ ተጫዋች ያውቃል?

እህቶቼ፣ ቃሌን አልረሳሁም። ኳስ የምትጫወቱት የምግቡም የሥራውም ሒሳብ ለእናንተም ያው ነው። ብረት ማንሳት ወንድ አያስመስልም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ልምምድ በርትቶ የወር አበባ ከቀረ «ገላገለኝ» አትበሉ። ብዙ ጊዜ ሰውነት «ምግብ አነሰኝ» ብሎ የሚጮኸው እንደዚያ ነው። ሐኪም ይያችሁ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። ነገ ከልምምድ በኋላ አሰልጣኝህን ለብቻው አነጋግረው። «ኮች፣ ያልከኝ ገብቶኛል። እስከ ሁለት ወር ሦስት ኪሎ ለመጨመር እየሠራሁ ነው። ግን በሚዛን ብቻ አትለካኝ፤ ፍጥነቴንና ትከሻ ለትከሻ የማሸንፈውን ኳስም ቁጠርልኝ» በለው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ሳትበላ ተመዘንና ደብተር ላይ ጻፍ። ኪሎህ እየጨመረ ሩጫህ ከቀነሰ የጨመርከው ጮማ ነው። እናትህንም አስቀምጠህ ንገራት፤ ለአንድ ምሳ የምትሆን ነገር ከደመወዝህ ላይ ብትቀንስ የምትከፋ እናት የለችም። አሰልጣኝህ እምቢ ብሎ ቦታህን ቢሰጥብህስ? ያማል፤ ህመሙን አውቀዋለሁ። ግን በጤናው ያለ የ20 ዓመት ልጅ ሌላ ክለብ ያገኛል። የታገደና የታመመ ልጅ ግን የትም አያገኝም።

እኔ ዛሬ እሑድ እሑድ ጠዋት የሰፈር ሜዳ ላይ ከልጆች ጋር እጫወታለሁ። 68 ኪሎ ነኝ። ሽሮ ነው ያመጣው! ትከሻ ሲያስነኩኝ ብዙም አልወድቅም። ግን ያቺ የተበላሸችው የውድድር ዘመኔ አሁንም አንዳንድ ማታ ትመጣብኛለች። አንተ ላይ እንዳትመጣ ነው ይህን ሁሉ የለፈለፍኩት።

የሆነውን ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ። በሉ እንግዲህ፣ ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!